ኮቦ፦ መዝገብ ያልገባው የደን ሕግ

የሸካ ደን እንዴት ተረፈ? ብዙ ሰው «ዝናብ አይለየው፣ መንገድም አልነበረው» ይላችኋል። ዝናብ የጠገበ ስንት አገር ግን ተመንጥሮ አይተናል።

ሸካዎች ኮቦ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ጫካው ተከፋፍሎ ባለቤቱ ይታወቃል። ባለኮቦው በድርሻው ቀፎ ይሰቅላል፣ ማር ይቆርጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። ቀፎ የሚሸከም ዛፍና ንብ የሚቀስመው አበባ ከሌለ ማር የለም። ስለዚህ ዛፉን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው የገዛ ጓዳውን ነው። ዴዶ የሚባሉት የአምልኮ ቦታዎች ደግሞ አሉ፤ እዚያ ምሳር አይነሳም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ሲይዝ ገበሬው ገባር ሆነ። ኮቦ ግን ቀጠለ። ከባዱ ዱላ የመጣው ብዙዎቻችን በበጎ ከምናነሳው አዋጅ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለገባሩ ነፃነት ነበር፤ አልክድም። ለባለኮቦው ግን ያባቱ ጫካ በወረቀት ላይ ባለቤት አልባ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሰፈራው መጣ፤ ቴፒና በበቃ ላይ ሰፋፊ የቡና እርሻ ተዘረጋ፤ ኋላም ባለሀብቱ ተከተለ። ካርታ የሚያነሳው ባለሙያ «ባዶ ደን» ብሎ የሚጽፈው ቦታ ላይ ስም ያለው ኮቦ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። ደስ ይላል። ዛፉ ተመዘገበ፤ ድንበሩን፣ የዛፉንና የአበባውን ስም የያዘው ቋንቋስ? በዚያው ደን የሚኖሩት ጫቡዎች ቋንቋቸው ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። ተናጋሪው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ መዠንግርና ወደ ሸካ ቋንቋ እያዘነበሉ ነው። ወደ ሚዛን ስትወርዱ ቤንቾች አሉ። በቋንቋቸው የድምፁ ከፍታ ብቻ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ከፍታዎቹ አምስት ናቸው። በፉጨት ብቻ መነጋገርም ይችሉበታል።

በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ለብዙ ብሔረሰብ መግባቢያ ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ላይ ግን «የኮቦው ስም» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይጎድልበታል? ድንበሩን በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ።