ዕዳ ከአቅም በላይ ሲሆን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋምቤላ ከተማ አንድ ባለሱቅ ከሱብሒ ሶላት በፊት ሱቁን ቆልፎ ጠፋ። ሰውየው የመስጊዳችን ጀመዓ ነበር። ዕቃውን ከመቱና ከጅማ በዱቤ እያመጣ ሲሸጥ የቆየ፣ ለሰላምታ የማይሰስት፣ ደግ ሰው ነው። ፀሐይ ከፍ ሲል ገንዘብ ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ የስኳር ሒሳብ አለው፤ አንዱ የጨርቅ፤ አንዱ የቤት ኪራይ። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰውም ከመድረሳ ደመወዙ ያጠራቀማትን አበድሮት ስለነበር ከመካከላቸው ቆሟል። ሁሉም «የኔ ይቅደም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ይልቅ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

በዚህ መሐል አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሰውየው ከመጥፋቱ በፊት መጥቶ ከስሬያለሁ ቢላችሁ ኖሮ ምን ታደርጉት ነበር?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ የሰጠ አልነበረም። ውድ አንባቢያን፣ ያ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ ብሎ ወደ ታሪክና ወደ ኪታብ መራኝ።

በዱቤ የቆመ ከተማ

ጋምቤላ ራሷ የንግድና የዱቤ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 ሥራ ጀመረ። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ካልሆነ በቀር እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ ከሱዳን በኩል ሲተዳደር ቆየ። የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ካርቱም የሚጫነው ከዚሁ ወደብ ነበር። ጨውና ጨርቅ ደግሞ በመርከብ ወደዚህ ይመጣ ነበር። ግሪኮች፣ ሶሪያውያን፣ ዐረቦችና ሱዳናውያን ነጋዴዎች ከአገሬው ጋር ይገበያዩ ነበር።

ነገር ግን ባሮ ዓመቱን ሙሉ መርከብ አይችልም። መርከቦቹ የሚደርሱት ወንዙ ሲሞላ፣ ክረምቱን ነው። ቡና ደግሞ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ክረምት የመጣው ጨርቅ በበጋ በሚሰበሰብ ቡና ይታሰባል፤ የበጋው ቡና ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ሁሉ የእምነትና የዱቤ ጊዜ ነው። በቅሎዎቹ ዘግይተው ጭነቱ ከመጨረሻው መርከብ ቢቀር ገንዘቡ ለወራት ታሰረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1929 በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ በውድ የገዛ ሰው በርካሽ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እንግዲህ ባለዕዳ ሁሉ አባካኝ ወይም ቀጣፊ አይደለም። ወንዝ የጎደለበት፣ ዋጋ የወደቀበትም አለ።

ቁራኛ

በዚያ ዘመን በአገራችን መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይደረግ ነበር? ዋስ ካለው ዋሱ ይያዛል። ዋስ ካጣ ከገንዘብ ጠያቂው ጋር በሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ ተቋጥሮ ይቆራኛል። ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ አገራችንን ያዩ ተጓዦች ይህን በመደነቅ ጽፈውታል። ዛሬ ልማዱ ቢቀርም ቃሉ አልቀረም። መነሣት ያልቻለን በሽተኛ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚያው ነው።

ቁራኛን ልብ ብለን ብናየው የታሰረው ባለዕዳው ብቻ አይደለም። ገንዘብ ጠያቂውም ከእርሻውና ከገበያው ቀርቶ አብሮ ታስሯል። ባለዕዳው ሠርቶ እንዳይከፍል እጁ ተይዟል፤ ያበደረውም ሠርቶ እንዳይተካ እጁ ተይዟል። ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1869 ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች በየወህኒ ቤቱ ይታጎሩ ነበር።

የጋምቤላ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራቸው። በኑዌር ዘንድ የጥሎሽ ከብት ከሙሽራው በረት ብቻ አይወጣም። አባት፣ አጎትና ወንድም ያዋጣሉ፤ የጎደለውም ቀስ በቀስ ይሞላል። በአኙዋክ ዘንድ ጥሎሹ ዲምዊ የሚባለው ዶቃ ነበርና እሱም ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ይዞር ነበር። እዚህ ዘንድ ዕዳ የአንድ ሰው ሸክም አይደለም፤ ዘመድ ይሸከመዋል፣ ጊዜም ይሰጠዋል።

የመዲና ፍርድ

ሸሪዓችንስ ምን አስተማረ? በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ጉዳት ደረሰበትና ዕዳው በዛበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ ሰዎች ሶደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። የተሰበሰበው ግን ዕዳውን አልሞላም። ከዚያም ገንዘብ ጠያቂዎቹን ጠርተው ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ ሌላ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ቅደም ተከተሉን እናስተውል። መጀመሪያ የሕዝብ እርዳታ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን በግልጽ መከፋፈል፤ በመጨረሻም ማሳደዱን ማቆም።

የካዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። ካዕብ በመስጊድ ውስጥ ባለዕዳውን ሲጠይቅ ድምፃቸው ከፍ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ወጡና ግማሹን እንዲተውለት ለካዕብ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ካዕብ ተወለት። ባለዕዳውም ተነሥቶ ቀሪውን እንዲከፍል ታዘዘ። ምሕረቱና ክፍያው በአንድ ሰዓት ተፈጸሙ።

ኢማም ማሊክ በሙወጦእ የዘገቡት ደግሞ ለጋምቤላ ነጋዴ የተነገረ ይመስላል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ኡሰይፊዕ የሚባል የጁሀይና ሰው ግመሎችን በውድ እየገዛ፣ ከሐጃጆች ሁሉ ቀድሞ ለመድረስ ይጋልብ ነበር። በመጨረሻ ከሰረ። ዑመር (ረ.ዐ) በሕዝብ ፊት ቆመው የሰውየውን ነገር ገለጹና ገንዘብ የሚጠይቁት ሁሉ በማግሥቱ ጧት እንዲመጡ፣ ንብረቱም በመካከላቸው እንደሚከፋፈል አወጁ። ሰውንም ከዕዳ አስጠነቀቁ። የመጀመሪያውን መርከብ ልቅደም ብሎ ቡና በውድ የሚገዛ ነጋዴ ከኡሰይፊዕ በምን ይለያል?

ፉቀሃዎች በዚህ ላይ ተወያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ዐቅሉ የበሰለን ሰው በንብረቱ እንዳያዝ ዳኛ ሊያግደው አይችልም ብለዋል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ከአብዛኞቹ ሊቃውንት ጋር ሆነው፣ ዳኛው ንብረቱን ሸጦ ለጠያቂዎቹ እንደየድርሻቸው ያከፋፍላል ብለዋል። ያልተከፈለው ቀሪ ግን አይሰረዝም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 280 ችግር ላይ ያለን ባለዕዳ እስኪደላው መጠበቅን ያዝዛል፤ መተውን ደግሞ የበለጠ ያደርገዋል። የሰው ሐቅ ነውና ለሸሂድ እንኳ ዕዳ እንደማይማርለት በሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ ዳኛ ማሳደዱን ያስቆማል እንጂ ዕዳውን ይቅር የሚለው ባለገንዘቡ ብቻ ነው።

የዛሬው ሕግ

በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ኪሳራ፣ ከኪሳራ በፊትም ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ስለሚደረግ ስምምነት ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካውም የችግረኛ ድርጅትን መልሶ ማደራጀት ጨምሮበታል። ሁለቱም ግን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር የተሠሩ ናቸው። መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ገበሬው ፍርድ ቤት ሄደው «ከስሬያለሁና ፍረዱኝ» የሚሉበት በር የለም። በአሜሪካና በሌሎች አንዳንድ አገሮች ተራው ሰው ንብረቱን አስረክቦ በፍርድ ቤት ከቀሪው ዕዳ ነፃ ሊወጣ ይችላል። በእኛ አገር የሚጠብቀው የዕዳ ክስና የአፈጻጸም ትእዛዝ ነው። ይሁንና በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳውን አልጋና ልብስ፣ የሥራ መሣሪያውንና ለጊዜው የሚበላውን አያስወስድም። ይህም ፉቀሃዎቻችን ለከሰረ ሰው ልብሱና ቀለቡ ይቀመጥለታል ካሉት ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ በር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንዳንዱ የአንዱን ዕዳ በሌላ ብድር፣ ብሎም በአራጣ ይደፍናል። ይህ ጉድጓድን በጉድጓድ መሙላት ነው። አንዳንዱ ይጠፋል። የጠፋ ሰው ዕዳውን ለዋሱ፣ ኀፍረቱን ለልጆቹ ጥሎ ይሄዳል። ሦስተኛው መንገድ መክሰርን ገሀድ ማውጣት ነው። ገንዘብ ጠያቂዎችን ሁሉ በአንድ ቀን ሰብስቦ፣ ያለውንም የሌለውንም በሽማግሌዎች ፊት ቆጥሮ፣ ጊዜ ወይም ምሕረት መለመን ነው። ይህን ለማድረግ የሕግ በር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ድፍረትና የሚሰማ ጀመዓ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 60 ከዘካ ተቀባዮች መካከል ባለዕዳዎችን የቆጠረውም በከንቱ አይደለም። ለመሆኑ በየመስጊዳችን ዘካ ሲከፋፈል ባለዕዳን የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

ያ ባለሱቅ ከወራት በኋላ በዘመዶቹ አማላጅነት ተመለሰ። አዛውንቱ ሁላችንንም አስቀመጡን። ሱቁ ውስጥ የቀረው ዕቃ ተቆጥሮ፣ ተሸጦ፣ እንደየዕዳው ተከፋፈለ። ለየሰዉ የደረሰው ከግማሽ በታች ነበር። ከፊሎቹ ቀሪውን ተዉለት፤ ከፊሎቹ በጽሑፍ ቀጠሮ ሰጡት። እኔ ያን ቀን አልተውኩለትም፤ የልጆቼን የትምህርት ቤት ወጪ እያሰብኩ ቀጠሮ ጻፍኩበት። ሸሪዓው መብቴን አልከለከለኝም። ሆኖም ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ካዕብ ያነበብኩት እንቅልፍ ነሣኝ።

የተጻፈው ቀጠሮ አሁንም ከኪታቦቼ መካከል አለ። ሰውየው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል። ሰላምታውም እንደ ድሮው ነው። ያን ጧት በሩ ላይ ስጮህ አንድ ጥያቄ ረስቼ ነበር። ሰውየው መጥቶ ከስሬያለሁ ሊለኝ ቢፈልግ ኖሮ፣ እንዲህ ለምጮህ ለእኔ እንዴት ደፍሮ ይነግረኝ ነበር? የሚሸሽ ባለዕዳን ከመውቀሳችን በፊት ሁላችንም ይህን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።