ድምፅን በእግር ማጫወት፦ እጁ ለተያዘ ሙዚቀኛ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰርግ ላይ የሚጫወት አዝማሪ ሁለቱም እጆቹ የተያዙ ናቸው። በግራው የማሲንቆውን ጭራ ይነካል፤ በቀኙ ደጋኑን ይስባል፤ በአፉም ግጥም ያወርዳል። ነጻ የሚቀረው እግሩ ብቻ ነው።

ሳምፕል ማለት ቀድሞ ተቀርጾ በመሣሪያ ውስጥ የተቀመጠ አጭር ድምፅ ነው፤ የከበሮ ምት፣ ጭብጨባ ወይም እልልታ ሊሆን ይችላል። ሙዚቀኛው ወለል ላይ ያለውን ፔዳል ሲረግጥ የኤሌክትሪክ ምልክት በገመድ አልፎ ሳምፕለር ወደተባለው መሣሪያ ይደርሳል፤ ድምፁም በማጉያው ይሰማል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንድ ርግጫ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ ሁለተኛው ዳግም እስኪረገጥ ድረስ እየተደጋገመ ይቀጥላል። የሚደጋገመው ድምፅ ፍጥነቱ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ተጫዋቹ ለመሣሪያው ይገዛል። አዝማሪ ግን ከታዳሚው ግጥም እየተቀበለ ስለሚዘፍን ዜማውን እንደ ሁኔታው ያረዝማል፤ ያሳጥራልም። ስለዚህ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው፤ መሣሪያው እግሩን ይከተላልና።

የኤሌክትሮኒክ ምትን ከነባር ዜማ ጋር ማዋሐድ ለሀገራችን ሙዚቀኞች አዲስ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው አልበማቸው አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋሕደዋል።

ከሌላ ሰው ሥራ ድምፅ ቆርጦ ለመጠቀም ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንና የድምፅ ቅጂ አዘጋጆችን መብት ይጠብቃል። ታዳሚው ራሱ ማጨብጨብ ሲጀምር ደግሞ እግርን ከፔዳሉ ማንሳት ይበጃል።