ስልኩን ያነሳው ማን ነው?

ጃንዋሪ 8 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ የእኛ ገና ማግስት ነው። ኒው ሃምፕሻየር በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ግዛት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች «ለፕሬዚዳንትነት ማን ዕጩ ይሁንልን?» ብለው ድምፅ እየሰጡ ነው። የቴሌቪዥን ተንታኞች ግን ምርጫውን ጨርሰውታል። በዋዜማው የወጡት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ተደምረው ሲካፈሉ ባራክ ኦባማ ሂላሪ ክሊንተንን በ8 ነጥብ ገደማ ይመራል። ጋሉፕ ከዩኤስኤ ቱዴይ ጋር ያወጣው ጥናት እንዲያውም ልዩነቱን 13 ነጥብ አድርሶታል። ከአምስት ቀን በፊት አዮዋን ያሸነፈው ኦባማ እዚህም ይደግማል፣ ሂላሪም አበቃላት የሚለው ወሬ ከድምፅ ሳጥኑ ቀድሞ ደርሷል።

ማታ ሲቆጠር ሂላሪ 39 በመቶ፣ ኦባማ 36 ተኩል ገደማ ሆኑ። በ7,500 ድምፅ አካባቢ አሸነፈችው!

ጋዜጠኝነት ስንማር የአስተያየት ጥናት ሲነሳ የሚነገረን አንድ ታሪክ ብቻ ነበር፤ የ1936ቱ። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የሚባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን የመጠይቅ ካርድ በትኖ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ አልፍ ላንደን 57 በመቶ አግኝቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ላንደንን ድባቅ መታው። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። መልሶ ለመላክ የተጨነቀውም ሁሉም ሰው አልነበረም። ወጥ ለመቅመስ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም፤ ካላማሰሉት ግን አንድ ማንኪያም ሆነ አሥር ጭልፋ ያው ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያልቅና መምህሩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል።

ለእኔ የ2008ቱ ይበልጥ ያጓጓል። በ2008 ማማሰልን የማያውቅ ድርጅት አልነበረማ! ታዲያ ምን ሆኑ?

በማግስቱ የተሰጠው መልስ ፈጣን ነበር፤ «ነጮቹ ዋሹ»። ነገሩ ስምም አለው፤ የብራድሊ ውጤት ይሉታል። በ1982 የሎስ አንጀለሱ ጥቁር ከንቲባ ቶም ብራድሊ ለካሊፎርኒያ ገዥነት ሲወዳደር ጥናቶቹ ይመራል ሲሉ ቆይተው በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ተወዳዳሪ በጥናት መርቶ በድምፅ ሲያንስ፣ ነጩ መራጭ ለጠያቂው በይሉኝታ «አዎ» ብሎ በመጋረጃው ጀርባ ሌላውን መረጠ ይባላል። ይሉኝታን ለምናውቅ ለእኛ ታሪኩ በጣም ይጥማል። ግን የአንድ ግዛት ሕዝብ በአንድ ሌሊት ውሸታምና ዘረኛ ሲባል ማስረጃ ያስፈልጋል። በዚያ ሌሊት ደግሞ ማንም ማስረጃ አልነበረውም።

ወደዚያ ከመመለሳችን በፊት የዕጩዎች ማጣሪያ (ፕራይመሪ) ከዋናው ምርጫ በምን እንደሚለይ እንይ። በዋናው ምርጫ ብዙው ሰው ፓርቲው አስቀድሞ ወስኖለታል። በፕራይመሪ ግን ሁሉም ተወዳዳሪ የአንድ ፓርቲ ልጅ ነው፤ መራጩ ሦስቱንም ሊወድ፣ ሰኞ ከአንዱ ጋር ሆኖ ሐሙስ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ማን ድምፅ ሊሰጥ እንደሚወጣም አይታወቅም። ስለዚህ ከወራት በፊት የሚወጣ አገር አቀፍ ጥናት በአብዛኛው የሚለካው ዝናን ነው። ኦክቶበር 2007 ላይ ጋሉፕ ለሂላሪ 50፣ ለኦባማ 21 በመቶ ሰጥቶ ነበር። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ሰዎቹ በዚያች ቀን ሲጠየቁ ያሉት ያንን ነው፤ ብዙዎቹ ግን ገና ማሰብ አልጀመሩም ነበር።

ይሄ ቁጥር ከመለካት አልፎ ሰው ሲጥልም ታይቷል። በ1972 ሴናተር ኤድመንድ መስኪ በዚያችው ኒው ሃምፕሻየር ተወዳደረ። ጃንዋሪ ላይ «ቦስተን ግሎብ» ያሳተመው ጥናት 65 በመቶ ሰጠው። ከምርጫው ጥቂት ቀናት በፊት ባለቤቱን የሰደበ ጋዜጣ ቢሮ ፊት ለፊት ቆሞ በበረዶ ውስጥ ሲናገር አለቀሰ ተባለ፤ እሱ ግን ፊቱ ላይ የቀለጠ በረዶ ነው ብሎ ተከራከረ። ውጤቱ መስኪ 46፣ ጆርጅ መክገቨርን 37 ሆነ። ልብ በሉ፣ አሸንፏል! ግን 65 ተብሎ ስለነበር 46ቱ እንደ ሽንፈት ተዘገበ፣ ብዙም ሳይቆይ ከውድድሩ ወጣ። ዕጩነቱን መክገቨርን ወሰደው።

ዕንባ ከተነሳ፣ የ2008ቱም ዕንባ ነበረው። ሂላሪ በምርጫው ዋዜማ ፖርትስማውዝ ከተማ ካፌ ውስጥ ከመራጮች ጋር ተቀምጣ ስለ ድካሟ ስትጠየቅ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፣ ድምጿም ሰለለ። ምስሉ ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥን ሲደጋገም ዋለ። የብዙዎቹ ድርጅቶች ጠያቂዎች በዚያን ሰዓት ሥራቸውን ጨርሰዋል ወይም እየጨረሱ ነበር። መስኪን የጎዳ ዕንባ ሂላሪን ጠቅሞ ይሆን? የሚያሳምን ማረጋገጫ አላየሁም፤ ወንድ ሲያለቅስና ሴት ስታለቅስ የሚፈረደው ፍርድ መለያየቱ ግን አያስገርመኝም።

የአሜሪካ የአስተያየት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር አጥኚ ቡድን አቋቁሞ፣ በ2009 የጸደይ ወራት ረጅም ሪፖርት አወጣ። ነጮች ለጠያቂዎች ዋሽተዋል ለሚለው ክስ የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘም። ያገኘው አሰልቺ የሚባሉ ነገሮችን ነው። ጠያቂዎቹ ቶሎ ማቆማቸው። በአንድ ጥሪ የማይገኙት፣ ደጋግሞ መደወል የሚጠይቁት ሰዎች ይበልጥ ወደ ሂላሪ ማድላታቸው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሂላሪ ስም ከላይ አካባቢ፣ የኦባማ ስም ከታች አካባቢ መሆኑ። እኔን የሳበኝ የሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ጥሪ ስልክ የሚያነሳና ሥራ ላይ ውሎ ማታ ደክሞት የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት መራጭ አይደሉም። ደግሞ የዚያኑ ዕለት፣ እዚያው ግዛት የሪፐብሊካኑን ውድድር እነዚያው ድርጅቶች በትክክል ጆን ማኬይን ያሸንፋል ብለዋል። ማኅበሩ መረጃ ሲጠይቅ ከድርጅቶቹ አንዳንዶቹ እግራቸውን ጎተቱ፤ «ስትራቴጂክ ቪዥን» የተባለው አሠራሩን ባለመግለጹ በዚያው ዓመት በይፋ ተወገዘ። ሕዝቡ ዋሸ ሲባል ከርሞ መረጃ አልሰጥም ያለው ጠያቂው ሆነ!

የውሸቱን ታሪክ የሚያፈርስ ሌላም አለ። ከኒው ሃምፕሻየር ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ደቡብ ካሮላይና ላይ ጥናቶቹ በተቃራኒው ተሳሳቱ። ኦባማ ይመራል ቢሉም 55 ለ27 ይዘርራል ያለ አልነበረም። ፌብሯሪ 5 ቀን ደግሞ ሮይተርስና ዞግቢ ካሊፎርኒያን ለኦባማ በ13 ነጥብ ሰጥተው ሂላሪ ከ8 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ወሰደችው። አንዴ ለእሱ፣ አንዴ በእሱ ላይ ያጋደለ ሚዛን በይሉኝታ ብቻ አይተረጎምም።

የዘመኑ ስልክም አለበት። በ2007 መጨረሻ ከስድስት የአሜሪካ ቤቶች አንዱ ገደማ የቤት ስልክ ትቶ ሞባይል ብቻ ይዞ ነበር፤ ወጣቱና ተከራዩ ደግሞ ይበዛበታል። አብዛኛው ጥናት ግን ገና የቤት ስልክ ነበር የሚደውለው። ፌብሯሪ 12 ቀን ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ሲመርጡ፣ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነውና፣ ለአንድ አፍታ አስቡት። ኪሱ ውስጥ ሞባይል ብቻ ያለው፣ ማታ ታክሲ የሚነዳ ዜጋ የሆነ አበሻ በየትኛው ናሙና ውስጥ ይገባል? ቢያነሳም ጠያቂው የሚያናግረው በእንግሊዝኛ፣ አልፎ አልፎ በስፓኒሽ ነው። 800 ሰው ውስጥ ብንገኝ እንኳ ከጣት ቁጥር አናልፍም። ኦባማ ሦስቱንም አሸነፈ፤ ቨርጂኒያን 64 ለ35። የአበሻ ድምፅ ስንት እንደነበረበት የሚነግረን ጥናት የለም።

ለሁሉም ግን በዚያ ክረምት በትክክል የሰማች አንዲት ሴት ነበረች። የ«ዲሞይን ሬጂስተር» ጋዜጣን ጥናት የምትሠራው አን ሴልዘር አዮዋን ኦባማ 32፣ ሂላሪ 25፣ ጆን ኤድዋርድስ 24 ብላ በዓመቱ መባቻ አወጣች። ከመራጮቹ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ናቸው በማለቷ የሂላሪም የኤድዋርድስም ሰዎች ተሳለቁባት። ሌላው ድርጅት ባለፈው ምርጫ የወጣውን ሰው እያየ «መራጭ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ሲያጣራ፣ እሷ «እወጣለሁ» ያለውን ሰው አምና ቆጠረች። በ2004 ወደ 124 ሺህ ሰው የወጣበት ኮከስ በ2008 ወደ 239 ሺህ ደረሰ፣ ከገቡት ከግማሽ በላይ አዲስ ነበሩ፣ ኦባማም አሸነፈ።

በኖቬምበር 2024 ይቺው ሴልዘር ካማላ ሃሪስ አዮዋን በ3 ነጥብ ትመራለች አለች። ትራምፕ በ13 ነጥብ ገደማ አሸነፈ። ሴልዘር ከምርጫ ጥናት እንደምትወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አስታወቀች፤ ውሳኔው ከዓመት በፊት ለጋዜጣው የነገረችው እንደነበረም ገለጸች።