አንድ ዓመት፣ ሁለት ጂጂ

«ተረት ተረት» ስንል ልጆች «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። እዚህ ኒውላንድ፣ በጋምቤላ ከተማ የኑዌሮች ሰፈር፣ መልሱ ከአፍ ማሟሻ ይበልጣል። የኑዌር ዘፈን ከበረት ይወጣልና። አባት ለጎረመሰ ልጁ በሬ ይሰጠዋል፤ ልጁም በበሬው ስም ይጠራል። ስለ ቀለሙና ስለ ቀንዱ ራሱ ይገጥማል፣ ራሱ ያዜማል፤ ሲዘፍን እጆቹን ወደ ላይ አጥፎ የበሬውን ቀንድ ይመስላል። ከከብቶቹ ጋር ብቻውን ሲሆን አጃቢም አዳማቂም የለውም። እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይህን ከድንበሩ ማዶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አይቶ፣ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ አስፍሮታል።

የዛሬው ትረካዬ ግን ከዚህ ሩቅ ነው የሚጀምረው። ስሙኝማ።

ጎጃም ውስጥ ቻግኒ የምትባል ከተማ አለች። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ እዚያ ተወለደች። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የወንዶች ነበር፤ እሷ ግን ቤታቸው ከነበሩት ቄስ አፍ ቀሰመችው። አድጋ በኬንያ በኩል አሜሪካ ገባች። እዚያም ቢል ላስዌልን አገኘች። ሰውዬው ባዝ ጊታር ተጫዋችና ፕሮዲዩሰር ነው፤ ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብ፣ ማስተጋባትና ማራቅ የሚወድ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣው አልበም ላይ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫወቱላት። «አባይ»፣ «አድዋ» እና «ጉራማይሌ» ያሉት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ 2003 ደረሰ። በዚያ አንድ ዓመት ሁለት ጂጂ ወጣች።

አንደኛዋ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ላይ ያለችው ናት። ላስዌል የ2001ን አልበም ወስዶ እንደገና በማሽን ፈተለው። ባዙ ወደፊት መጣ፣ ድምፅዋ ወደኋላ ሸሸ። አንድ ሐረግ ብቅ ይላል፣ ያስተጋባል፣ እንደ ማለዳ ጉም ይበተናል። ውብ ነው፤ ሌሊት ብቻዬን ሰምቼዋለሁ። ቃሉ ግን አይጨበጥም። የአማርኛ ዘፈን ደግሞ ያለ ቃል እንዴት ይሆናል? ወርቁን ለማግኘት መጀመሪያ ሰሙ በግልጽ መሰማት አለበት። ቃሉ በጉም ከተሸፈነ ምኑን እንፈታለን?

ሁለተኛዋ ጂጂ «ጽዮን ሩትስ» ላይ አለች፤ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም የወጣው። ክራር አለ፣ ዋሽንት አለ። ያ የባዙ ሰው ላስዌል እንኳ እዚህ አኩስቲክ ጊታር ይዞ ተቀመጠ! ድምፁን ሁሉ ሲበትንና ሲሰበስብ የኖረ እጅ ለአንዲት የቻግኒ ልጅ አጃቢ ሆነ። እሷም የጎጃም ልጅ ስትሆን የወሎን «ባቲ ባቲ» አነሳች። እንዲህ ያለውን የሕዝብ ዘፈን ማን እንደገጠመው አይጠየቅም፤ የዘፈነው ሁሉ የራሱን ስንኝ ጨምሮበት ያልፋል። እሷ ስታዜመው ትንፋሿ ይሰማል፤ ቃሉን የት እንደምትይዘው፣ የት እንደምትለቀው ይታወቃል። ማሽን ምቱን እኩል እኩል ይቆርጣል፤ እንጉርጉሮ ግን እኩል አይቆረጥም። አንዱ ቃል ሲያስለቅስ ይዘገያል፣ ሌላው ይሮጣል። እኔ ይህችኛዋን ጂጂ እመርጣለሁ፤ የኒውላንዱን የበሬ ዘፋኝ የምትመስለኝም እሷ ናት። የሚዘፍነው ነገር ያለው ሰው ማጀቢያው ሲቀንስ ይበልጥ ይሰማል።

እዚያው ቀረች እንዳልላችሁ እውነት ያስረኛል። በ2006 ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ተመለሰች፤ የአልበሙን ስም «ወርቅና ሰም» አለችው። በ2010 ከላስዌል ባንድ ጋር በመድረክ የዘፈነችበት «ምስጋና ኢትዮጵያ» ወጣ። መንገዷ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ የወንዝ ነበር።

ወንዝ ካልኩ፦ እዚህ አጠገባችን የሚፈስሰው ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ነጭ አባይን ይቀላቀላል፤ የእሷ አባይም ጎጃምን ዞሮ ወርዶ ካርቱም ላይ ያገኘዋል። እሷ የዘፈነችለት ውኃና እናንተ እግራችሁን የምትነክሩበት ውኃ አብረው ግብፅ ይገባሉ።

በሉ ዝም በሉልኝ፤ «ባቲ ባቲ»ን ልክፈተው።