ቲያንታን፦ የቻይና ነገሥታት ስለ ሰብል የተማጸኑበት የሰማይ ቤተ መቅደስ

በቻይና ርዕሰ ከተማ ቤጂንግ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የሰማይ ቤተ መቅደስ፣ በቻይንኛ መጠሪያው ቲያንታን፣ የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ነገሥታት ለሰማይ መሥዋዕት ያቀረቡበትና ስለ መልካም ምርት የጸለዩበት ሥፍራ ነው። ግንባታው በንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1420 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ቅጥር ግቢው 273 ሄክታር ያህል ስፋት አለው።

በጥንቱ የቻይና አስተሳሰብ ንጉሠ ነገሥቱ «የሰማይ ልጅ» ሲሆን፣ ሥልጣኑንም ከሰማይ በአደራ የተቀበለ ነበር። ድርቅ፣ ጎርፍና ረሃብ ሲደጋገሙ ሰማይ አደራውን ስለ መንፈጉ ምልክት ተደርገው ይወሰዱ ነበር። በመሆኑም መሥዋዕቱ ከመንግሥቱ ዓበይት ተግባራት አንዱ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም አስቀድሞ ከሥጋና ከመጠጥ ተቆጥቦ ይጾም ነበር።

የግቢው የግንባታ ጥበብም ይህንኑ እምነት ያንጸባርቃል። ሰማይ ክብ፣ ምድር ደግሞ አራት ማዕዘን ናት ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የግቢው ግንብ በሰሜን በኩል ቅስት፣ በደቡብ በኩል ባለ ማዕዘን ሆኖ ተሠርቷል።

በሰሜን የሚገኘው የመልካም ምርት ጸሎት አዳራሽ የዛሬውን ክብ ቅርጽ የያዘው በ1545 ነው። ባለ ሦስት እርከን የእብነ በረድ መሠረቱን ጨምሮ 38 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ አዳራሽ፣ እንጨቶቹ ያለ ሚስማር እርስ በርስ ተሰካክተው የቆመ ነው። ከ28ቱ ምሰሶዎች መካከል አራቱ ወቅቶችን፣ 12ቱ ወራትን፣ የቀሩት 12 ደግሞ በጥንታዊው አቆጣጠር የዕለቱን ክፍሎች ይወክላሉ።

ከአዳራሹ ወደ ደቡብ 360 ሜትር የሚረዝም ከፍ ያለ መንገድ ተዘርግቷል። በግቢው ደቡባዊ ክፍል በ1530 የተሠራው ክብ መሠዊያ ይገኛል። ነገሥታቱ በታኅሣሥ ወር ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ዕለት መሥዋዕት ያቀርቡ የነበረው በዚህ ሥፍራ ነው። የላይኛው እርከን ንጣፍ ድንጋዮች ከዘጠኝ ተነሥተው በየዙሩ በዘጠኝ እየጨመሩ 81 ይደርሳሉ።

አዳራሹ በ1889 በመብረቅ ተቃጥሎ በ1896 እንደገና ተሠርቷል። በ1900 የስምንት የውጭ አገራት ጦር በግቢው ሰፍሮ ነበር። ዘውዳዊው ሥርዓት በ1912 ካበቃ በኋላ የመጨረሻውን ሥነ ሥርዓት በ1914 የፈጸሙት ፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ ናቸው።

ተራው ሕዝብ እንዳይገባበት ተከልክሎ የቆየው ግቢ በ1918 የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሲሆን፣ በ2024 በተመዘገበው የቤጂንግ ማዕከላዊ መስመር ውስጥም ተካትቷል።