የዘንባባ ዛፍን የሚያበሰብሱ ፈንገሶች አለያየትና አመዳደብ

ዘንባባ በሞቃታማ አካባቢዎች ለምግብ፣ ለዘይትና ለቤት መሥሪያ፣ በከተሞች ደግሞ ለጎዳና ማስዋቢያ የሚያገለግል ተክል ነው። የእያንዳንዱ ግንድ እድገት በአናቱ በሚገኝ አንድ እምቡጥ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የግንዱ ቁስልም እንደ ሌሎች ዛፎች በአዲስ እንጨት አይሸፈንም። በመሆኑም ግንዱ የበሰበሰ ዘንባባ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። መንሥኤውን በትክክል መለየት የሚያስፈልገው በዋናነት የቀሩትን ዛፎችና የመንገደኛውን ደህንነት ለመጠበቅ ነው።

ቀዳሚው መለያ መበስበሱ የጀመረበት የዛፉ ክፍል ሲሆን፣ በዚሁ መሠረት ዋና ዋናዎቹ በሽታዎች በ3 ይመደባሉ።

የግንድ ግርጌ መበስበስ፦ መንሥኤው ባሲዲዮማይኮታ በተሰኘው የፈንገስ ክፍል የሚመደበው ጋኖደርማ ነው። በፍሎሪዳ የሚታወቀውን ጋኖደርማ ዞናተም አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊሊያም መሪል እ.ኤ.አ. በ1902 ሰይሞታል። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የዘይት ዘንባባ እርሻዎችን የሚጎዳው ደግሞ ጋኖደርማ ቦኒኔንስ ነው። መለያው ከግንዱ ግርጌ የሚወጣ፣ በመጀመሪያ ነጭና ለስላሳ፣ ቆይቶ ላዩ ቀይ ቡናማ የሚሆን ጠንካራ እንጉዳይ ነው።

የግንድ መበስበስ፦ አስኮማይኮታ በተሰኘው ክፍል የሚመደበው ቲየላቪዮፕሲስ ፓራዶክሳ በአዲስ ቁስል ገብቶ ግንዱን ያለሰልሳል። በግንዱ ላይ እንጉዳይ አያወጣም፤ የተጎዳው ክፍል ይጠቁራል፣ የቦካ ፍራፍሬ ሽታም ሊኖረው ይችላል። ቅጠሉ ለምለም እንደሆነ ግንዱ በድንገት ሊሰበር ስለሚችል ለሕዝብ መተላለፊያዎች አደገኛ ነው።

የእምቡጥ መበስበስ፦ መንሥኤ ከሆኑት አንዱ ፋይቶፍቶራ ፓልሚቮራ ሲሆን፣ አዲሱ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ሲሳብም በቀላሉ ይነቀላል። ይህ ተሕዋስ ቀደም ሲል ከፈንገሶች ጋር ቢመደብም ዛሬ ለአልጌዎች ይበልጥ የሚቀርብ መሆኑ ተረጋግጧል። ልዩነቱ ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው፤ ለእውነተኛ ፈንገሶች የተዘጋጁ በርካታ መድኃኒቶች በእርሱ ላይ አይሠሩምና።

የቅጠል መጠውለግ በድርቅ ወይም በንጥረ ነገር እጥረትም ሊከሰት ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ ዛፍ እንዲቆረጥ መወሰን አይገባም። የእንጉዳይ አለመታየትም ዛፉ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። አስተማማኙ መንገድ ናሙናውን በቤተ ሙከራ አሳድጎ በማይክሮስኮፕ መመልከትና ዘረ መሉን መመርመር ነው።

ለጋኖደርማ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። እንጉዳዩ የታየበት ዛፍ ከነጉቶው ሊወገድ፣ በቦታውም ሌላ ዘንባባ ሊተከል አይገባም። ቲየላቪዮፕሲስን ለመከላከል ደግሞ ግንዱን ከማቁሰል መቆጠብና የመግረዣ መሣሪያዎችን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሸጋገሩ ማጽዳት ያስፈልጋል።