የደይም ምጣድ

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከቀይ ሽብር ሸሽተው በመተማና በገዳሪፍ በኩል ካርቱም ከገቡት ወጣቶች መካከል ግጥም የሚጽፉ፣ ክራር የሚቃኙ ነበሩባቸው። ቀን የጉልበት ሥራ፣ ማታ ብዕር። በእናቱ ቤት ጓዳ ገብቶ የማያውቀው ወንድ እንኳ ሊጥ ማቡካት የተማረው በስደት ነው። ጤፍ ብርቅ ስለሆነ ዱቄቱ የማሽላ ነበር፤ ለቆላው ሰው ግን ይህ እንግዳ አይደለም። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸውም ከዚያው እህል አቡክተው ስሱን ኪስራ ይጋግራሉ። ወጡ ‹ዝግኒ› በሚለው የትግርኛ ስሙ በከተማው ታወቀ፤ ጀበናው ሁለቱንም ሕዝብ አጠጣ (ቃሉ የማን ነው የሚለው ክርክር ይቆየን)። የደይም ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤቶች የሞቁት እንዲህ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ምጣዳቸውን ጥለው፣ ስደተኛው ትውልድ በመጣበት በመተማ መንገድ ተመለሱ።